መብራት ቢሄድም ቀረጻው አይቁም፦ የቤት ስቱዲዮ ኮምፒውተር እንዳይከዳችሁ

ነገሩ የሆነው አምና ሚያዝያ ላይ ነው። ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14፣ በተከራየኋት ሰርቪስ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ማሲንቋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሼ ነው የምላቸው። ማይኩን ከማሲንቆው ቆዳ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቄ ተክዬዋለሁ። የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ክፍሏ ምድጃ ሆናለች።

ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ አልሞቀላቸውም። በአራተኛው ግን ተነሳላቸው። በአምባሰል እየወረዱ ሳለ መሀል ላይ ስለ ላፕቶፔ አንዲት ስንኝ ጣል አደረጉና ራሳቸው ሳቁ። ሰሟ እኔን የምታወድስ ትመስላለች። ወርቋ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መብራት ሄደ።

አልደነገጥኩም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሳውንድ ካርዱም ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው። ጋሼ በጨለማው መጫወታቸውን ቀጥለዋል፣ ስክሪኑ ላይ ሞገዱ መሳሉን ቀጥሏል። ከዚያ ሄድፎኔ ውስጥ ጠጥ፣ ጠጥ፣ ጠጥ የሚል ነገር መጣ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የዝናብ መጀመሪያ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሞገዱ ቆመ። ማውዙም አልንቀሳቀስ አለ። ሃንግ አደረገ።

ጋሼ ጨርሰው ደጋናቸውን አወረዱና "ገባ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ያቺን ስንኝ ይድገሙልኝ እስቲ።"

"የቷን?"

"ስለ ኮምፒውተሩ ያሏትን።"

"እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቄ?"

ረስተዋታል። እኔም ሳቄን ስይዝ ቃሎቿን በደንብ አልያዝኳቸውም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ሥራዬ ይኸው መሆኑ ነው። ቀን ቀን ፔዳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ማታ ማታ እቀርጻለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔ ያሳነስኩት ለራሴ ነው። የሰው ኮምፒውተር ሳስተካክል የራሴን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ከዚያች ማታ በኋላ አንድ በአንድ የነካካሁትን ነው የምነግራችሁ። የምናገረው ስለ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው። ማክ ያላችሁ ግማሹን ዝለሉት።

የጠፋውን ለማዳን

ይህን የምታነቡት አሁን ስክሪናችሁ ደርቆ፣ ዘፋኙ አጠገባችሁ ቆሞ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

መጀመሪያ የፓወር በተኑን ጫን አድርጋችሁ እንዳትይዙ። የእኔም ጣት እዚያ ደርሶ ነበር። የተቀረጸው ድምፅ በየቅጽበቱ ወደ ዲስክ ይጻፋል፤ የመጨረሻው ቁራጭ ግን ገና ራም ላይ፣ ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን ድርግም ካደረጋችሁት እሱ አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ታገሱት። ካልነቃ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና የቀረጻ ሶፍትዌሩን ብቻ በኤንድ ታስክ ዝጉት። ዊንዶውስ በእጁ የቀረውን ጽፎ ይጨርሳል።

ቀጥሎ ፕሮጀክቱን መልሳችሁ ለመክፈት አትቸኩሉ። ወደ ፎልደሩ ግቡ። ኩቤዝ የሚባለው የቀረጻ ሶፍትዌር የቀረጸውን ፕሮጀክቱ ውስጥ ኦዲዮ የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሪፐር በሚባለው ሌላው የቀረጻ ሶፍትዌር ላይ ፕሮጀክቱን ሴቭ ባደረጋችሁበት ፎልደር ወይም በውስጡ ባለ ንዑስ ፎልደር ታገኙታላችሁ። ሴቭ ሳታደርጉ ሪከርድ ከተጫናችሁ ደግሞ ዶክዩመንትስ ውስጥ ፈልጉ። ፋይሎቹን በቀን ደርድሩና የመጨረሻውን ዌቭ ፋይል እዩት።

የእኔ ፋይል ርዝመቱ ዜሮ ሰከንድ ይላል። ስከፍተው ምንም የለም። ልቤ ወረደ። መጠኑን ሳይ ግን ወደ 37 ሜጋባይት ነው። ባዶ ፋይል 37 ሜጋባይት አይሆንም። በ24 ቢትና በ48 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና ወይም ሳምፕል፣ እያንዳንዱ በ24 ቢት ተጽፎ) የተቀረጸ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ውስጡ አራት ደቂቃ ከምናምን ድምፅ አለ ማለት ነው። የጎደለው የፋይሉ ራስጌ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ እሱን አስተካክሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ስቶፕ ስትጫኑ ነው፤ የእኔ ደግሞ ስቶፕ ሳይባል ነው የሞተው።

መድኃኒቱ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ሮው ዳታ የሚለውን ምረጡ። ሳይንድ 24 ቢት ፒሲኤም፣ ሊትል ኢንዲያን፣ አንድ ቻናል፣ 48000 ብላችሁ ሙሉት። እናንተ የቀረጻችሁት በ16 ቢት ወይም በ44100 ከሆነ ያንን አስገቡ። ሲከፈት ፏፏቴ የሚመስል ሹሹታ ብቻ ከሰማችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የ24 ቢት ድምፅ ሦስት ሦስት ባይት ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ቆጠራው ከተሳሳተ ቦታ ከጀመረ ሁሉም ይዛባል። ስታርት ኦፍሴት የሚለው ላይ በ0 ፋንታ 1፣ ካልሆነ 2 አድርጉና ድገሙት። ከሦስቱ በአንዱ ይመጣል። ድምፁ መጥቶ ግን ዘፋኙ ከወፈረና ከተጎተተ የኸርዙን ቁጥር አሳንሳችሁ አስገብታችኋል ማለት ነው።

የእኔ በ2 መጣ። የማሲንቆው ጭራ ሲነካ እስከ አሁን ይታወሰኛል። ያቺ ስንኝም አለች። ጠጥ ጠጡ ግን በትክክል ወርቁ ያለበት ቃል ላይ ቁጭ ብሏል። እስከ ዛሬ የቃሏን ግማሽ ነው የምሰማው።

ለምን ጠጥ ጠጥ አለ?

ባፈር የሚባለውን ነገር ለጓደኞቼ የማስረዳው በጀሪካን ነው። ጣና አጠገባችን ተኝቶ ቧንቧው የሚጠፋበት ቀን ስላለ ጀሪካን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም።

ማይኩ ድምፁን ያለማቋረጥ ያንቆረቁራል። ፕሮሰሰሩ ግን ሌላም ሥራ አለበት፤ እየተመላለሰ ነው የሚቀዳው። በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ጀሪካን ባፈሩ ነው። ጀሪካኑ ትንሽ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ዞር ሲል ሞልቶ ይፈስሳል። ያ የፈሰሰው ነው ጠጥ የሚለው። ትልቅ ከሆነ አይፈስም፤ ግን እስኪሞላ ስለሚጠበቅ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። በ48 ሺህ ኸርዝ 128 ሳምፕል ማለት 2.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። 512 ሳምፕል 10.7፣ 1024 ደግሞ 21.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህ የአንድ መንገድ ነው። ድምፁ ገብቶ፣ ተሠርቶ፣ ወደ ሄድፎን እስኪመለስ እጥፉንና ከዚያም ትንሽ በላይ ይሆናል።

እኔ በዚያች ማታ 64 ላይ ነበርኩ። ለምን? ባፈር ባነሰ ቁጥር ፕሮፌሽናል የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። እውነቱን ለመናገር ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትም ሆነ ድምፅ በማይክ ስትቀርጹ ትንሽ ባፈር ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። አብዛኛው ሳውንድ ካርድ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል በተን ወይም ማዞሪያ አለው። እሱን ስትከፍቱት ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ከካርዱ ነው። መዘግየት የለም። ያኔ ባፈሩን 512 ወይም 1024 አድርጋችሁ እፎይ ማለት ትችላላችሁ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የትራኩን ሞኒተር ማጥፋት አትርሱ፤ አለበለዚያ ሰውዬው ራሱን ሁለቴ ይሰማና ገደል ማሚቶ ይሆንበታል።

ትንሽ ባፈር የሚያስፈልገው ኪቦርድ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፒያኖ ወይም ከበሮ ስትጫወቱ ነው። ለዚያ 128 ይበቃል። ጨርሳችሁ ወደ ሚክስ ስትገቡ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት።

ይህ ሁሉ ከአንድ ነገር ጋር ነው የሚሄድ። ሳውንድ ካርዱ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከቀረጻ ሶፍትዌሩ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ይጫንለት። አሲዮን ኩቤዝን የሚሠራው ስታይንበርግ ነው ያወጣው፤ ጥቅሙ የዊንዶውስን የራሱን የድምፅ መቀላቀያ አልፎ በአቋራጭ ካርዱ ጋ መድረሱ ነው። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። ካርድ የሌላችሁና በላፕቶፑ በራሱ ድምፅ የምትሠሩ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነፃ ድራይቨር መሞከር ትችላላችሁ። ማስታገሻ ነው፣ ፈውስ አይደለም።

ሁለት መስመር ያለው ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ጥፋተኛ እንምጣ። 64 ሳምፕል በቻርጀር ላይ እያለሁ ወራት ሠርቶልኛል። መብራት ሲሄድ ለምን በሁለት ደቂቃ ሞተ?

ዊንዶውስ ቻርጀሩ ሲነቀል ባትሪ ልቆጥብ ይላል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ያወርዳል። ለጊዜው ሥራ የፈታ የመሰለውን የዩኤስቢ ነገርም ያስተኛል። ለሚተይብ ሰው ጥሩ ነው። ለሚቀርጽ ሰው ግን ውኃ የሚቀዳውን ሰውዬ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ፋንታ ስኒ እንደማስያዝ ነው።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። ሃይ ፐርፎርማንስ የሚል ካለ ምረጡት። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባላንስድ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ እሱኑ አስተካክሉት። ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ሁለት መስመር አለው። አንዱ ኦን ባተሪ (በባትሪ ሲሠራ) ይላል፣ ሌላው ፕላግድ ኢን (ቻርጀር ሲሰካ)። ሰው ሁለተኛውን ብቻ አስተካክሎ ይወጣል። እኔም የዛሬ ዓመት ያደረግኩት ይኸንን ነው። ቀበሌ 14 ሆኜ "ኦን ባተሪ"ን እንዴት እንደናቅሁት አሁንም ይገርመኛል።

ሁለቱንም መስመር እኩል አድርጉ። ሚኒመም ፕሮሰሰር ስቴት 100 በመቶ። ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ ዲስኤብልድ። ስሊፕ ኔቨር። ሃርድ ዲስክ አይጥፋ። ላፕቶፓችሁ አንዳንዶቹን ካላሳያችሁ ባላችሁ ላይ ሥሩ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ፓወር ሞድ የሚለውንም ቤስት ፐርፎርማንስ አድርጉት። ባትሪው ሲያንስ በራሱ የሚበራውን ባትሪ ሴቨርም አጥፉ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚሉትን አንድ በአንድ ከፍታችሁ፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። አሰልቺ ነው። አንዴ ነው የሚሠራ።

ሥራ ሲያልቅ ወደ ድሮው መልሱት። አለበለዚያ ባትሪያችሁ ቶሎ ያልቃል፣ ጭናችሁም ይቃጠላል።

ከዚያ ፈትኑት። መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ንቀሉት። ሬዲዮ ማይኩ ፊት ክፈቱና አሥር ደቂቃ ቅረጹ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሰባተኛው ላይ መልሱ። ከዚያ በሄድፎን ሙሉውን አዳምጡ፣ በተለይ የነቀላችሁበትንና የመለሳችሁበትን ቅጽበት። ጠጥ ካለ ባፈሩን ከፍ አድርጉና ድገሙ። ባትሪው 20 ደቂቃ እንኳ የማይዝ ከሆነ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪ ቀይሩ። ሱቅ የሚመጡ ልጆች ማይክ ልግዛ ወይስ ራም ልጨምር ሲሉኝ መልሴ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ነው። ቅር ይላቸዋል።

ከጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ ውኃው መብራት ሲያመነጭ አጠገቡ ተቀምጠን፣ ስለ ባትሪ ይህን ያህል መጻፌ እኔንም ያስቀኛል።

ስለ ሶኬቱ ሁለት ነገር። ቻርጀሩ ሲሰካ ሄድፎን ውስጥ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ካለና ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የኧርዝ (የመሬት መስመር) ነው። ኧርዝ የሌለው ባለ ሁለት እግር ሶኬትና ርካሽ ዲቫይደር ያመጡታል። ሁሉንም ዕቃ ኧርዝ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ። እስከዚያው ግን በባትሪ ቅረጹ፤ ከላይ ያለውን ካስተካከላችሁ አያስፈራም። ሁለተኛው፣ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ከጣና ማዶ ማጉረምረም ሲጀምር ሁሉንም ከግድግዳው ንቀሉ። ስታብላይዘር መብረቅን አያቆምም። ክረምት በመጣ ቁጥር የተቃጠለ ቻርጀርና ቦርድ ሱቃችን ይሞላል።

ሙቀት

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛ ደግሞ መስኮት ዘግተን፣ ግድግዳ አልብሰን፣ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አስቀምጠን በሆዱ ያለውን መተንፈሻ እንደፍናለን። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን እንሰድባለን።

የእኔ መፍትሔ አራት የለስላሳ ቆርኪ ነው። በላፕቶፑ አራት ማዕዘን ሥር አንድ አንድ። አየር ይገባል። ለማስቀመጫ እንጨት ወይም ሳንቃ ይሁን፣ ጨርቅ አይሁን። በዓመት አንዴ ተከፍቶ አቧራው ይራገፍ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው የፕሮሰሰሩ ፔስትም ይቀየር። ባለፈው ወር የአንድ መዝሙር ቀራጭ ላፕቶፕ ከፍቼ የማራገቢያው ጥርስ ላይ ጥጥ የመሰለ አቧራ አገኘሁ። ሰውዬው ዊንዶውስ ሦስቴ ፎርማት አስደርጓል። በብሩሽ ነው የዳነው።

ቀረጻውንም ማታ ወይም ማለዳ አድርጉት። የባሕር ዳር ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ለማንም አይሆንም። ማለዳ ከጊዮርጊስ በኩል የሚመጣውን የቅዳሴ ድምፅ ማለፍ ግን አለባችሁ። እኔ አንዳንዴ እተወዋለሁ፣ ውስጡ ይግባ።

ፕለጊን

አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ፕለጊን፣ ማለትም የቀረጻ ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች ሰጠኝ። ስንት እንደነበረ አልቆጠርኩም። ሁሉንም ጫንኩ። በማግስቱ ሶፍትዌሩ ሲከፈት ቡና ይፈላል፣ ይጠጣል፣ አሁንም እየፈተሸ ነው። አንድ ቀን ጭራሹን ሳይከፈት ቀረ።

ክራክ፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ አትጠቀሙ ብዬ ልሰብክ አይደለም። ዶላሩ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን የክራክ ነገር መረጋጋት የለውም። የፕሮግራሙን ሆድ ቀዶ የሰፋው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ አፕዴት አይደረግም፣ ከውስጡ ቫይረስ ቢወጣም የምትጠይቁት ሰው የለም። ሪፐር ለ60 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ለግለሰብና ለአነስተኛ ሥራ ላይሰንሱ 60 ዶላር ነው። ለማውረድም ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ የሞባይል ዳታ አይጨርስም። ከሱ ጋር የሚመጡት ኢኪው (የድምፅ ቃና ማስተካከያ) እና ኮምፕረሰሮች (የድምፅ ጉልበት ማመጣጠኛ) መልካቸው ድሀ ነው፣ ሥራቸው ግን ንጹሕ ነው። አሁን የምጠቀመው ዘጠኝ ፕለጊን ብቻ ነው። አሥረኛ ሲያምረኝ አንዱን አወጣለሁ።

ሶፍትዌሩ እየወደቀ አጥፊው የቱ እንደሆነ ካልታወቀ በግማሽ ክፈሉ። ከፕለጊን ፎልደሩ ግማሹን ወደ ዴስክቶፕ አውጡና ክፈቱት። ከተከፈተ ጥፋተኛው የወጣው ውስጥ ነው። ካልተከፈተ የቀረው ውስጥ ነው። ጥፋተኛ ያለበትን እንደገና ለሁለት። 40 ፕለጊን ቢሆን እንኳ በአምስት ወይም በስድስት ሙከራ ይያዛል። አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው ግን ይመሽበታል።

አንድ የተወሰነ ፕሮጀክት ብቻ ከሆነ የሚወድቀው፣ ሪፐር ላይ ፕሮጀክት ስትከፍቱ በሚመጣው መስኮት ላይ ኤፍኤክስ ኦፍላይን የሚል የሪከቨሪ ምርጫ አለ። ትራኮቹ ፕለጊናቸው ተኝቶ ይከፈታሉ። ኩቤዝ ላይ ሶፍትዌሩ ሲነሳ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አልትን አንድ ላይ ያዙ፤ የቆየውን ማስተካከያ ለጊዜው ትቶ እንዲነሳ ይጠይቃችኋል። በተረፈ ያለቀ ትራክ ላይ ፍሪዝ አድርጉ፤ ፕለጊኑ የሠራው ድምፅ ተቀምጦ ፕለጊኑ ይተኛል። ፕሮሰሰሩ ያርፋል።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

ሳውንድ ካርዱን በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ሲነኩት የሚነቃነቅ የዩኤስቢ ቀዳዳ ለፍላሽ ይሁን፣ ለቀረጻ አይሁን።

ቀረጻ ላይ ዋይፋይና ብሉቱዝ ይጥፉ። የዊንዶውስ አፕዴትን ለጥቂት ሳምንት ፖዝ ማድረግ ይቻላል፤ ከሥራ በፊት አድርጉት። ነገ ቀረጻ ካለ ዛሬ ምንም አፕዴት አይደረግ፣ ድራይቨርም ቢሆን። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከኢንተርኔት ለማይገናኝ የቀረጻ ላፕቶፕ ያ ብዙ አያስጨንቀኝም። በዚያው ባንክ የምትገቡ ከሆነ ግን አስቡበት።

ዲስክ። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ ማስገባት ከሁሉም ማሻሻያ በላይ ይታያል። ፍላሽ ላይ በቀጥታ አትቅረጹ። 48 ሺህ በቂ ነው፤ 96 ሺህ ፋይሉንም ልፋቱንም እጥፍ ያደርጋል እንጂ የጋሼን ማሲንቆ አያሳምረውም።

የፎልደርና የፋይል ስም በላቲን ፊደል ይሁን። ይህን ስጽፍ ይከነክነኛል፤ ግን በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ሲያዩ ፋይሉን አላገኘሁም የሚሉ የቆዩ ፕለጊኖች አሉ። አንዱ ለግማሽ ቀን አሠቃይቶኛል። የዊንዶውሱን የተጠቃሚ ስምም በአማርኛ አታድርጉ።

ሴቭ ስታደርጉ ሴቭ አዝ እያላችሁ ቁጥር ጨምሩ። 01፣ 02፣ 03። ኦቶ ሴቩን ወደ አምስት ደቂቃ አውርዱት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሙሉውን ፎልደር ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አድርጉና ኤክስተርናሉን ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪ አኑሩት። ቦርሳው ቢሰረቅ ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት።

የቀረጻው ማታ

እንግዳው ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደርጋለሁ። ሻት ዳውን አድርጎ መክፈት ከሪስታርት ጋር አንድ አይደለም፤ ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ በሚባለው ነገር የትናንቱን ግማሽ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ የቀረጻ ሶፍትዌሩን ብቻ እከፍታለሁ። ብራውዘር የለም፣ ቴሌግራም የለም። ፕሮጀክቱን በስሙ ሴቭ አደርጋለሁ። አምስት ደቂቃ የራሴን ወሬ ቀርጬ አዳምጣለሁ።

እንግዳው ሲቀመጥ ማይኩን ጀርባው ወደ ላፕቶፑ እንዲሆን አዞረዋለሁ፣ የማራገቢያው ድምፅ እንዳይገባ። ከዚያ ስልኬን ከወንበሩ ሥር አስቀምጬ በስልኩ ቀረጻ እጀምራለሁ። አንዴ አጨበጭባለሁ። ጭብጨባው ሁለቱም ላይ ሹል ሆኖ ስለሚታይ ኋላ ለማገጣጠም ይረዳል። የስልኩ ድምፅ እንደ ማይኩ አይሆንም። ግን አንድ ቃል ቢጠፋብኝ ከሱ ቆርጬ እተካለሁ። ያኔ ይህ ልማድ ቢኖረኝ ኖሮ ያቺ ስንኝ ሙሉ ትሆን ነበር።

ጋሼ በጥቅምት እንደገና መጡ። ባፈሩ 1024፣ ዳይሬክት ሞኒተር ተከፍቶ፣ ቆርኪዎቹ በቦታቸው። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን መብራት ሄደ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ በእጄ ይቀጥሉ አልኳቸው። ሃያ ሁለት ደቂቃ በባትሪ ሄድን። አንዲት ጠጥ የለችም።

ስልኩን ግን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ረስቼ ነበር። ጋሼ ዋናው ግጥም ላይ ሲደርሱ ወንበሩ ሥር ጮኸ። አከራዬ ናቸው። ማሲንቆው ለልጆቹ እንቅልፍ ከልክሏቸዋልና ቀነስ ይደረግልን ሊሉ ነው።